ባል ባሕር ዳር፣ መጻሕፍት ካርቶን ውስጥ፣ ቤት ቦሌ አራብሳ

ጥያቄ፦ «ሁለት ልጆች አሉን፤ ሴቷ 7 ዓመቷ ነው፣ ወንዱ 4። ባለቤቴ መምህር ነው። ሁለተኛ ዲግሪውን በክረምት መርሐ ግብር ስለሚማር ሐምሌ ሲጠባ ባሕር ዳር ሄዷል፤ የሚመለሰው ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። በዚሁ ክረምት ሽሮ ሜዳ ያለውን የኪራይ ቤታችንን ለቅቀን ቦሌ አራብሳ ወደ ደረሰን የ20/80 ኮንዶሚኒየም መግባት አለብን። አከራያችን ቤቱን ለሌላ ሰው ስላከራዩት ከሐምሌ 30 በኋላ አንድ ቀን እንኳ አይጨምሩልንም። አዲሱ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ወለሉ ገና ሴራሚክ አልተነጠፈለትም።

ልጄ አንደኛ ክፍልን ስትጨርስ መምህሯ ካርዷ ላይ ‹ንባብ ላይ ትታገዝ› ብላ ጻፈችባት። ደንግጬ የልጆች መጻሕፍት ገዛሁ፤ የንባብ መርሐ ግብር አውጥቼም ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። አንዱንም ሳንጨርስ መጻሕፍቱ ካርቶን ገቡ። ባለቤቴ ማታ ማታ ሲደውል ‹ዛሬ ምን አነበበች?› ይለኛል። ትንሹ ልጄ ቤት የመቀየሩ ወሬ ከተነሳ ወዲህ ሌሊት መሽናት ጀምሯል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ‹እድሬንና ቤተ ክርስቲያኔን ጥዬ የት ልሂድ? እኔን እዚሁ ተዉኝ› ይላሉ። ባለቤቴ ልጅቷን እስከ መስከረም ደብረ ብርሃን እህቱ ዘንድ እንላካት ይላል፤ እኔ ደግሞ የክረምት ማጠናከሪያ ላስመዝግባት እላለሁ። ከየቱ ልጀምር? ክረምቱ ሳታነብ ካለፈ ልጄን በደልኳት ማለት ነው?»

ግራ የገባት እናት፣ ከሽሮ ሜዳ

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ። አልበደልሻትም። የ7 ዓመት ልጅ አንድ ክረምት ስላላነበበች መሃይም ሆና አትቀርም፤ አንድ ክረምት ስለተጨናነቀችም አንባቢ አትሆንም። ጭንቀቶችሽን ስትደረድሪያቸው ሁሉም እኩል የሚያጣድፉ መስለውሻል እንጂ ቀን የተቆረጠለት አንዱ ብቻ ነው፤ ሐምሌ 30። ሴራሚኩን የሚያስቸኩል ነገር የለም። ንባቡንም የለም። የአማትሽ ቅሬታ ደግሞ ጨርሶ ቀን ሊቆረጥለት አይገባም። ስለዚህ ያን የለጠፍሽውን መርሐ ግብር ዛሬውኑ ንቀይው። ልጅቷ በየቀኑ ያልሠራችውን እያየች ከምትሳቀቅ ባዶ ግድግዳ ብታይ ይሻላታል፤ አንቺም ቤቱን ስታስረክቢ መፋቅሽ አይቀርም።

ደብረ ብርሃን በመላኩ ነገር ከባለቤትሽ ጋር አልስማማም። ሐሳቡ ክፉ ሆኖ አይደለም። ልጅን በክረምት ዘመድ ቤት መላክ የኖርንበት ወግ ነው፤ የአክስት ቤት ሳያውቅ ያደገ ልጅ ብዙ ነገር ይቀርበታል። የማይሆነው ጊዜው ነው። አሁን ከሄደች ወደ ወጣችበት ቤት አትመለስም። ጓደኛዋን አልተሰናበተችም፣ አልጋዋ ሲፈታ አላየችም፣ ያን የምታውቀውን በር ማን እንደቆለፈው እንኳ አታውቅም። ድስቱ፣ ፍራሹ፣ አያቷና ወንድሟ በአንድ ቀን ከአንድ ቤት ወጥተው ሌላ ቤት ሲገቡ ያየች ልጅ ቤታቸው ቦታ እንደቀየረ ይገባታል። ነገሩን ደብረ ብርሃን ሆና በስልክ የሰማች ልጅ ግን እሷ ዘወር ባለችበት ነገር ተበላሽቶ የጠበቃት ይመስላታል። ስለዚህ አብራችሁ ትግባ። አዲሱ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ሳምንት ትደር። ከዚያ አክስቷ ዘንድ ለአንድ ሳምንት ያህል፣ የምትመለስበት ቀን አስቀድሞ ተነግሯት ብትሄድ እሰየው። ሹራብ አሲዣት፤ የነሐሴ ደብረ ብርሃን ቀልድ አያውቅም።

ማጠናከሪያውንም ለዘንድሮ እለፊው። ሽሮ ሜዳ ብታስመዘግቢያት ሳትለምደው ልታቋርጠው ነው። ቦሌ አራብሳ ብታስመዘግቢያት ደግሞ አዲስ ቤትና አዲስ ሠፈር ላይ አዲስ ክፍልና አዲስ አስተማሪ መጨመር ይሆናል፤ መስከረም ሲመጣ ያው ሁለቱን እንደገና ልትለምድ ነው።

ስንብቱን ግን አትዝለዪው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጓደኛዋን ከእናቷ ጋር ጥሪያቸው፣ ቡና አፍዪ፣ ዳቦ ቁረሱ፤ የእናትዮዋን ስልክ ቁጥርም ልጅሽ በገዛ እጇ ደብተሯ ላይ ትጻፈው። «በየሳምንቱ እንመጣለን» ብለሽ ግን ቃል አትግቢላት። ከቦሌ አራብሳ ሽሮ ሜዳ በታክሲ ከከተማው ጫፍ ወደ ሌላው ጫፍ ነው፤ እንደማትመጪ አንቺም ታውቂዋለሽ።

አሁን ንባቡ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዝቶ ያስፈራሽ እሱ ነውና። በ2002 ዓ.ም. በስምንት ክልሎች በተደረገ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ይህ አገራዊ ጉድለት ነው፤ ሊያኮራ አይችልም። አንደኛ ክፍል ጨርሳ ንባብ ላይ የምትደናቀፍ ልጅ ግን ያንቺ ብቻ እንዳልሆነች፣ መምህሯም «ትታገዝ» ስትል «ተስፋ የላትም» ማለቷ እንዳልሆነ እንድታውቂ ብዬ ነው።

የኛን ፊደል ደግሞ እንደ ቀላል አንቁጠረው። 33ቱ ፊደላት በ7ቱ ቤት ሲባዙ ዲቃላዎቹን ሳንጨምር 231 ቅርጽ ናቸው። ልጅሽ ምናልባት ገበታውን ከላይ እስከ ታች በዜማ ታወርደዋለች፤ ከመሐል አንዱን ጠቁመሽ «ይህ ማነው?» ስትያት ግን ከግዕዙ ጀምራ ቆጥራ ነው የምትደርስበት። ይህ የመቁጠር ደረጃ ነው፤ ሁሉም ያልፍበታል። ቀጥሎ የሚመጣው ይበልጥ ያስቸግራል። ሳድሱ አንድ ቦታ ድምፅ ይኖረዋል፣ ሌላ ቦታ ይዋጣል። የሚጠብቀውና የሚላላው በጽሑፍ አይለይም፤ በዓሉ ገናና «ገና አልመጣም» የምንለው ገና ወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ትልቅ ሰው ቃሉን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ሳይሰናከል ያልፋል። ልጅም ያን ድልድይ የምትሻገረው በአፏ የምታውቀውን ቃል በዓይኗ ስታገኘው ነው። እንግዲህ በዚህ ክረምት ያስፈልጋት የነበረው የማታውቀው ታሪክ ያለበት አዲስ መጽሐፍ ብቻ አልነበረም፤ የምታውቀው ቃል የተጻፈበት ነገር ሁሉ ይሆናታል። ቤት የሚቀይር ቤተሰብ ደግሞ ይህን አያጣም።

ካርቶኖቹ ላይ የሚጻፈውን ለእሷ ስጫት። ወፍራም እስክሪብቶ ግዢላትና ድስት፣ ሲኒ፣ ጫማ፣ ብርድ ልብስ፣ የአያቴ ልብስ፣ የአባዬ መጻሕፍት እያለች ትጻፍባቸው። ብርድ ልብስን በንጉሡ «ሠ» ብትጽፈው አትነኪባት፤ በዚያ ጉዳይ ትልልቆቹም ገና አልተስማሙም። አዲሱ ቤት ስትደርሱ በሩ ላይ ቆማ እያነበበች «ይህ ወጥ ቤት፣ ይህ መኝታ ቤት» ብላ የምትመራው እሷ ትሁን። ተሸካሚዎቹ ተሳስተው ሲኒውን መኝታ ቤት ቢያገቡት እንኳ እሷ በዚያ ቀን የምታነበው ሰዎች የሚፈልጉትን ጽሑፍ ነው። መርሐ ግብርሽ ይህን ሊሰጣት አይችልም ነበር።

ማታ ደግሞ አማትሽን ያዢ። ተረት እንደማያጡ እርግጠኛ ነኝ። «ተረት ተረት» ይበሉ፣ ልጆቹ «የላም በረት» ይበሉ፣ አንዲት አጭር ተረት ይንገሯቸው። ሲያበቁ ልጅሽ ታሪኩን መልሳ ትንገርሽ፤ አንቺ ከአፏ እየተቀበልሽ አራት አምስት መስመር በትልልቅ ፊደል ጻፊው። አታርሚ፣ አታሳምሪ፤ «ጅቡ መጣና በቃ በላው» ካለች እንደዚያው ይጻፍ። በማግስቱ የምታነበው የራሷን ንግግር ነው። ያን ገጽ ለቀናት ትመላልሰው፤ ሸመደደችው ብለሽ አትጨነቂ፤ ዓይኗ ቃሉን በሙሉ መያዝ የሚለምደው በመመላለስ ነው። ስታነብ በየፊደሉ አታስቁሚያት፤ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሳ ትርጉሙ ከተዛባ ብቻ «እስቲ ይህችን ድገሚልኝ» በያት። በቀን አሥር ደቂቃ በቂ ነው። አንዳንድ ቀን ከናካቴው ቢቀርም ቀረ ነው። እንግሊዝኛውን ለመስከረም ተዪው።

ከገዛሻቸው መጻሕፍት ሁለቱን ከካርቶን አውጥተሽ የእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ። የቀሩትን በትንንሽ ካርቶን ከፋፍለሽ እሰሪያቸው፤ በትልቅ ካርቶን የታጨቀ መጽሐፍ አራተኛ ፎቅ ሳይደርስ ደረጃው ላይ ነው የሚዘረገፈው። ስትገቡም ከውጭው ግድግዳ አርቀሽ፣ ከወለሉ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪያቸው። በክረምት እርጥበት የሚያስገባ ግድግዳ ወረቀት አይምርም።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ በኋላ፣ በሚመጣው ዓመት እስከ ጥር ድረስ ለውጥ ካላየሽ መምህሯን አነጋግሪ፤ ዓይኗንና ጆሮዋንም አስመርምሪ። ሰሌዳው በደንብ ሳይታያቸው «ሰነፍ» የተባሉ ልጆች ጥቂት አይደሉም።

የትንሹ ልጅሽ ሌሊት መሽናት በዚህ ዕድሜና በእንዲህ ያለ ግርግር የሚያጋጥም ነገር ነው። አትቆጪው፣ በእህቱና በእንግዳ ፊትም አታንሺበት፤ ፍራሹ ላይ ላስቲክ አንጥፊ፣ ከመኝታ በፊት ሽንት ቤት ውሰጂው፣ የሚያቅፈውን ብርድ ልብስ ወደ ካርቶን አትክተቺበት። ሲሸና የሚያመው ከሆነ፣ ትኩሳት ካለው ወይም ውኃ አብዝቶ መጠጣት ከጀመረ ግን ሳታቆዪ ጤና ጣቢያ ውሰጂው።

አማትሽ ላይ ስደርስ ብዕሬ ቀስ ይላል። «እኔን እዚሁ ተዉኝ» ማለታቸውን እንደ ግትርነት አትዪው። እድር ወርኃዊ መዋጮ ብቻ አይደለም፤ ስሞት ማን ይቀብረኛል ለሚለው ጥያቄ የዕድሜ ልክ መልሳቸው ነው። ያን መልስ ነው ጥለው እንዲሄዱ የምትጠይቋቸው፤ ያውም ልጃቸው በሌለበት። ስለዚህ ከእድሩ አታስወጧቸው። የእድሩን ዳኛ ወይም ጸሐፊውን ሄደሽ አነጋግሪ፤ ከሠፈር የወጣ አባል መዋጮውን በጊዜው እያስገባ አባልነቱን የሚያቆይባቸው እድሮች ብዙ ናቸው፤ የእነሱ ደንብ ምን እንደሚል ጠይቂ። መልሱን ስታገኚ ለእሳቸው የምትነግሪያቸው አንቺ አትሁኚ፤ ዳኛው ራሳቸው ቤት መጥተው «እማማ፣ ስምዎ ከመዝገባችን አይፋቅም» ቢሏቸው እኔና አንቺ ዓመት ብናወራ የማንፈታውን ነገር በአንድ ሲኒ ቡና ይፈቱታል። የአዲሱን ሠፈር እድር ደግሞ አትቸኩሉበት፤ ሰው ሲያውቁ ራሳቸው ይመርጣሉ።

ቤተ ክርስቲያኑን በተመለከተ ቀኑ ለአንቺ ያደላ ይመስለኛል። ሐምሌ 30 ገብታችሁ ስታድሩ በማግስቱ ፍልሰታ ይያዛል። በፍልሰታ ቤተ ክርስቲያን ያለ ወትሮው ይሞላል፤ ሕፃናቱ ለቁርባን ይሰለፋሉ፣ እናቶች ዕለት ዕለት ይመላለሳሉ። የሚቀርባችሁ ደብር የቱ እንደሆነ አስቀድመሽ አጣሪና የመጀመሪያውን ቀን ራስሽ አድርሻቸው። ሁለተኛውን ቀን የደረጃ ጎረቤት ያገኛሉ። ሱባኤው ሳያልቅ የሠፈሩን ወሬ ለአንቺ የሚነግሩሽ እሳቸው ይሆናሉ።

አራተኛው ፎቅ ግን ጨዋታ አይደለም፤ ሊፍት በሌለው ሕንፃ ለአዛውንት ጉልበት ከባድ ነው። በየወለሉ አረፍ የሚሉበት በርጩማ ስለማስቀመጥ ጎረቤቶቹን አስፈቅጂ፤ ከምድር ቤት የምትኖር አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት ካወቅሽ ደግሞ ቶሎ ተወዳጃት። በቀን አንዴ ወርደው እዚያ ቢውሉ ቤት ውስጥ ከመታሰር ያድናቸዋል።

ስለ ጓዙ ብዙ አልልም፤ ከእኔ ይልቅ ወንድምሽ ወይም የባለቤትሽ የሥራ ባልደረባ ይረዳሻል፤ አንድ ሰው አያሳጣሽ። አይሱዙውን ለማለዳ ተከራዪ፤ የክረምቱ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ነው የሚበረታው። ሸራ እንዳለው ሳታረጋግጪ አትዋዋዪ። የጫኝና አውራጁን ዋጋ ደግሞ በሁለቱም ሠፈር፣ አራተኛ ፎቅ መሆኑን ተናግረሽ፣ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ቁረጪ፤ የቦሌ አራብሳውን ወንድምሽ ቀን ቀድሞ ሄዶ ይነጋገር። ጓዝ መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ የሚደረግ ድርድር ሁልጊዜ የሚያልቀው በተሸካሚው አሸናፊነት ነው። ውኃው በፈረቃ የሚመጣ ከሆነ በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠይቂና የመጀመሪያውን ምሽት የሚያሳልፍ ጀሪካን ሞልታችሁ ሂዱ። ባትሪ፣ ሻማ፣ የቡና ዕቃ፣ የልጆቹ ልብስና መድኃኒት ካለ እሱም በአንድ ቦርሳ ከአንቺ ጋር ይሁን።

ከትምህርት ቤት መሸኛዋንና የውጤት ካርዷን በዚህ ሳምንት አውጪ። ለምዝገባ የልደት ምስክር ወረቀቷንም ይጠይቁሻል። ለነዋሪነት መታወቂያችሁ ደግሞ ምን እንደሚያስፈልግ ወረዳውን ጠይቂ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ወላጅ ሁሉ የሚንጋጋበት ወረፋ ውስጥ አትግቢ። ልጅቷን አንድ ቀን ወደ አዲሱ ትምህርት ቤት በእግር ውሰጃት፤ በሩን ትየው፣ ሽንት ቤቱ የት እንደሆነ ትጠይቅ። ከዚያ በላይ ዝግጅት አያስፈልጋትም።

አንድ ነገር ደግሞ ለጎረቤት ጉዳይ። ነሐሴ 13 ቡሄ ነው። የኮንዶሚኒየም ልጆች ሆያ ሆዬ እያሉ ደረጃውን ሲወጡ በርሽን ከፍተሽ ጠብቂያቸው፤ ሙልሙል ባይኖርሽ የሚሰጥ ዝርዝር ብር አዘጋጂ፤ ስማቸውንና የሚኖሩበትን ብሎክ ጠይቂያቸው። እስከ እንቁጣጣሽ ድረስ ልጅሽ ከእነዚህ ልጆች እህቶች ጋር ከተግባባች አበባየሆሽ የምትልበት ቡድን አገኘች ማለት ነው። ትንሹም ትንሽ ዱላ ይዞ ከኋላ ከመከተል አይቦዝንም። ሰው ቤት ድረስ በዘፈን የሚመጣበት ወቅት እያለልሽ ጎረቤት ለመተዋወቅ ሌላ ዘዴ አትፈልጊ።

የሚቀጥለውን ለባለቤትሽ አንብቢለት።

ወንድሜ፣ ማታ ስትደውል «ምን አነበበች?» ብሎ መጠየቁን ተውና አንተው አንብብላት። ሚስትህ የመጽሐፉን ገጽ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ትላክልህ፤ አንተ ባሕር ዳር ሆነህ ስታነብ ልጅህ መጽሐፉ ላይ በጣቷ ትከተልህ። መምህር ነህ፣ እንዴት እንደሚነበብ አላስተምርህም። ለእናትህም ለብቻቸው ደውልላቸው፤ «አብረሽን ነይ» የሚለውን ቃል ከምራታቸው ሳይሆን ከልጃቸው አፍ መስማት ይፈልጋሉ። ፈቃድ ጠይቀህ ለሐምሌ 30 መምጣት ከቻልክ ና። ካልቻልክ የጓዙን ውሳኔ ሁሉ ለሚስትህ ተውላት፤ አልጋው የት እንደሚቀመጥ በስልክ አትምራት። ሴራሚኩ እስክትመለስ ይቆይ፤ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ይኖራሉ። ስትመለስ አንጣፊውን ፈልገህ የምትነጋገረው፣ አቧራውንም የምትጠርገው አንተ ነህ።